የአያቴ አውራ ጣት

ከባንክ መስኮት ኋላ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው፣ ከፊት ይልቅ ጣት ያስታውሳል። በቱሉ ቦሎ ከተማ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በገበያ ቀን ከሚመጡት ደንበኞቼ የሚበዙት ገበሬዎች ነበሩ። ፊርማ የማያውቁት አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው ቅጹን ይጫኑታል። የመረሬ አፈር የሰነጠቀው ጣት አሻራው እንደ እርሻ ትልም ነው። ያን ባየሁ ቁጥር አንድ አውራ ጣት ትዝ ይለኛል፤ የአያቴ የእማማ ጣት።

እማማ የበቾ ሰው ነበረች። አንባቢ ሆይ፣ በቾን የማታውቀው ከሆነ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ፣ ሰበታን አልፈህ፣ በጅማ መንገድ ወደ ወሊሶ ስትወርድ የምታየውን ሰፊ ሜዳ አስብ። በክረምት አዋሽ ሞልቶ የሚተኛበት፣ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት፣ ጤፉ ስሙን ያስጠራለት ጥቁር አፈር ነው። እማማ በገበያ በኦሮምኛ ተከራክራ ትሸምታለች፤ ማታ በአማርኛ ትጸልያለች። ፊደል ግን በሁለቱም አልቆጠረችም።

የዚህ ሜዳ ሕዝብ ከድምፅ መስጫ ሣጥን ጋር የተዋወቀው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ዕድሜው 21 የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ወደ 200,000 የሚጠጋ ነዋሪ ያለው እያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴዎችን ይልክ ነበር። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ተወዳዳሪው የሚቀርበው በራሱ ስም ነው። ነገር ግን ለመመረጥ በወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ግድ ነበር። እንግዲህ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ፣ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል እንጂ ድምፅ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

እስከ ዘውዱ ፍጻሜ ድረስ አምስት ምርጫዎች ተካሄዱ። እማማ ከእነዚህ በአንዱ ድምፅ እንደ ሰጠች ትናገር ነበር፤ የትኛው እንደ ሆነ፣ ተወዳዳሪውም ማን እንደ ነበረ አታስታውስም። የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የባለርስቱ ሰው መጥቶ ለአያትህ ነገራቸው፤ አያትህ ደግሞ ለእኔ ነገሩኝ፤» ትለኝ ነበር። «እኔ የሰጠሁት የሰው ቃል ነው። እንደ ተላከ ልጅ አድርሼ ተመለስኩ።»

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 በተደረገው ምርጫ፣ መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ፤ የምክር ቤቱም ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ።  ሆኖም የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ይወስናል የተባለው ረቂቅ ሕግ፣ በምክር ቤት ደጃፍ ሲመላለስ ኖሮ፣ ዘውዱ እስኪወድቅ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። የእማማ ቤተ ሰብ ያርሰው የነበረው መሬት ከባለርስቱ እጅ የወጣው በድምፅ አልነበረም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀ አዋጅ ነው። ከዚያ በኋላም የምክር ቤት ምርጫ የሚባል ነገር ሳይሰማ ዓመታት አለፉ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫዎች ለነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግም፣ እማማ ከአያቴ ኋላ ተከትላ ሄዳ ከአያቴ ኋላ ተከትላ ተመለሰች።

አያቴ በ1990 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለዚህ ግንቦት 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ማለዳ፣ እማማ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይልካት ልትመርጥ ተነሣች።

ዕለቱ እሑድ ነበር። እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለሰች ነጠላዋን ሳትቀይር፣ እጄን ይዛ ወደ ምርጫ ጣቢያው ወሰደችኝ። ታላቅ አጎቴ መንገድ ላይ ደርሶብን ብዙ መከራት፤ ይህኛው ምልክት የእገሌ ነው፣ ያኛው የእገሌ ነው፣ አደራሽን እንዳትሳሳቺ አላት። እርሷም ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችው። በሩ ላይ ስንደርስ ጣቢያውን የሚያስፈጽሙት ሰውዬ እኔን አስቀሩኝ። ከውጭ ሆኜ ወደ መጋረጃው ስትገባ አየኋት። ለረጅም ጊዜ ቆየች። የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ስትወጣ አውራ ጣቷ በቀለም ተነክሮ ነበር፤ እርሷም ከሰውነቷ አርቃ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች።

«እማዬ፣ ማንን መረጥሽ?» አላት አጎቴ ገና ከደጃፉ ሳንርቅ።

«የመረጥኩትን፤» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ማታ ደግሞ ጠየቃት፤ በማግስቱም ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን ተቆጣ። «እኔ የወለድሽው ልጅሽ፣ እንደ ባዕድ ትደብቂኛለሽ?» ብሎ ከቤት ወጣ፤ እስከ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ድረስም እግሩን አላነሣም። እማማ ስለ ናፍቆቱ አለቀሰች፤ ቃሏን ግን አላወጣችም።

በዚያ ምርጫ የበቾን መቀመጫ ያሸነፉት የግል ተወዳዳሪ ሆነው የቀረቡት መቶ አለቃ ግርማ ነበሩ። ከ39 ዓመታት በኋላ፣ ሁለት መንግሥት ወድቆ ሦስተኛው ሲቆም፣ ያው ሰው ተመርጠው ወደ ምክር ቤት ተመለሱ። አሁን ወረዳው የሚልከው አንድ እንደራሴ ነው፤ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ከ547ቱ መቀመጫዎች አንዱን ይይዛል። መቶ አለቃ ግርማ ግን በመቀመጫው ብዙ አልቆዩም። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው የሀገሪቱ ርእሰ ብሔር አድርገው መረጧቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 70 እንደሚያዝዘው፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠ የምክር ቤት አባል የተወከለበትን ወንበር ይለቃል።

ይህ በሬዲዮ ሲነገር አጎቴ ታርቆ እቤታችን ነበር። እማማ ሽምብራ እየለቀመች ነበር። እልል አለችና ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ «ደግ ነው፤ የእኛን ወንበርስ ማን ይጠብቀው ይሆን?» አለች።

አጎቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ያዝኩሽ! እርሳቸውን ነው የመረጥሽው!»

«የእኛ አልኩ እንጂ የእኔ አልኩ?» አለችው፤ ወደ ሽምብራዋም ተመለሰች።

መቶ አለቃ ግርማ 12 ዓመት በፕሬዚዳንትነት ኖረው በ2006 ዓ.ም. መስከረም ለተተኪያቸው አስረከቡ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእርሳቸው በፊት በዚያው መንበር የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ደግሞ፣ በ1997ቱ ምርጫ ወደ ትውልድ አገራቸው ደምቢ ዶሎ ሄደው በግል ተወዳድረው አሸነፉ። አንዱ ከወረዳ ወደ ቤተ መንግሥት ወጡ፤ ሌላው ከቤተ መንግሥት ወደ ወረዳ ወረዱ። የምርጫ ታሪክ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ የወጣና የወረደ ይመዘገብበታል። መጋረጃው ውስጥ ብዙ የቆየችው ሴት ግን በውስጡ የለችም።

እማማ በ2004 ዓ.ም. አረፈች። ሣጥኗ ሲከፈት፣ ከመግነዣዋ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የመራጭነት ካርድ ተገኘ፤ የ1992 ካርድ። ማንም ስላልፈለገው እኔ ወሰድኩት። ስሟ አለበት፤ አሻራዋ አለበት። የመረጠችው የለበትም።

አሁን ይህን ጽሑፍ የጀመርኩበትን ነገር ልናገር። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት፣ ያኔ በቱሉ ቦሎ ሳለሁ፣ ድምፅ ሰጥቼ ስወጣ አንድ የማውቀው ሰው ሻይ ቤት አገኘኝ። ወዳጅ አይደለም፤ ጠላትም አይደለም። እየሣቀ «ለማን ሰጠህ?» አለኝ። አላስፈራራኝም፤ ምንም ሊያደርገኝ የሚችል ሰውም አልነበረም። እኔ ግን ሊሰማ የሚወደውን ገምቼ ነገርኩት። ውሸቴን ነበር። «ጎበዝ» ብሎ የሻዬን ከፈለልኝ። የእማማ ካርድ በኪሴ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

እኔ ዲግሪ ያለኝ፣ ግጥም የምጽፍ፣ ስለ ነፃነትም በስንኝ የምደሰኩር ሰው ነኝ። እርሷ ፊደል ያልቆጠረች፣ የገዛ ልጇ ኩርፊያ ያልበገራት ሴት ነበረች። ዝም ማለትና መዋሸት ምን ያህል እንደሚራራቁ የገባኝ ያን ሻይ ስጠጣ ነው። ዝም ያለ ሰው ያለውን ይዞ ይቀራል፤ የዋሸ ሰው ግን ያለውን ሳይጠየቅ አስረክቧል።

አሁንም መስኮቴ ፊት አንድ ገበሬ ጣቱን ቀለም ላይ ሲያሳርፍ ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ። በባንክ አሻራ ማለት «እኔ እገሌ ነኝ፤ ይህም የእኔ ነው» ማለት ነው። የእማማ ጣት የተናገረው ከዚህ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ለራሷ አስቀርታዋለች።

ጣቷን አይቻለሁ ቀለም እንደ ነካ፣
ልቧን ግን አላየሁ በምን እንደ ረካ፤
መዝገብ የጻፈው ስም ያሸናፊ ሆነ፣
የመራጯ ምስጢር ካፈር ተከደነ።