ጄኔራሉ የጠጡት ውሃ

ስለ ወታደራዊ አመራር ስናወራ ወሬያችን ስለ ግንባር፣ ስለ ታንክና ስለ ድሮን ነው። እኔ ግን የቀድሞ ወታደሮችን ባነጋገርኩ ቁጥር ጨዋታው ወደ ሌላ ይሄድብኛል። ስለ ውጊያው ስጠይቃቸው ስለ ውሃ፣ ስለ ኮቾሮ፣ ስለ ጫማና ስለዘገየ ደመወዝ ይነግሩኛል። ከእጥረቱም በላይ የሚያንገበግባቸው አድልዎው ነው። እነሱ ሲጠሙ አለቃቸው አለመጠማቱ።

ነገሌ ቦረናን እናስታውስ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈሩ ወታደሮች መኮንኖቻቸውን ያዙ። ለአመፅ ያነሳሳቸው ፖለቲካ አልነበረም። የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቷል፣ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦር አዛዡ ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ተላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም አገቷቸውና ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

እስቲ ይህን አስቡት። የምድር ጦሩ የበላይ አዛዥ ወታደሩ ምን እንደሚጠጣ የቀመሱት ታግተው ነው! ከዚያ በፊት በየደረጃው ያለው አለቃ “ሁሉ ደህና ነው” እያለ ወደ ላይ ሲልክ ኖሯል ማለት ነው።

ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛመተ። በየካቲት ደብረ ዘይት፣ ከዚያም አሥመራ ተከተሉ። በስምንተኛው ወር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዘውዱን ያወረደው የውሃ ፓምፕ ነው እያልኩ አይደለም። የወሎ ረሃብ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ ነበሩ። ግን በዚያ ቀውጢ ሰዓት ለመንግሥቱ ሊቆምለት የሚገባው ጦር ቀድሞ ተቀይሞ ነበር።

የሚገርመው፣ ከዚያ ቅሬታ የተወለደው ደርግ ትምህርቱን አለመውሰዱ ነው። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደህንነት ሰው አስቀመጠ፤ እያንዳንዱ በየፊናው ወደ ላይ ሪፖርት ይልክ ነበር። ሚዛኑም ከችሎታ ይልቅ ታማኝነት ሆነ። በየካቲት 1980 የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ ተረሸኑ። በመጋቢት አፍአበት ወደቀች። እውነቱን የሚናገር መኮንን ዕጣው ይህ ከሆነ፣ የቀረው ምን ብሎ ሪፖርት ያደርጋል?

ለዚህ ነው አድሏዊ ውሳኔና የወታደሩ ኑሮ ለእኔ ሁለት ርዕስ የማይሆኑት። ሁለቱም የሚመጡት እውነት ወደ ላይ ሳይደርስ ሲቀር ነው። የአክስቴ ልጅ ወታደር ነው። ሲደውል የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ደህና ነን።” አክስቴ ይህን ስትሰማ ተመስገን ትላለች። እኔ ግን ለአለቃውም የሚለው ያንኑ ይሆን ብዬ እጨነቃለሁ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 87 የሠራዊቱ ስብጥር ሚዛናዊ፣ ሥራውም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ እንዲሆን ይላል። መልካም ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሲወርድ ግን አድልዎ የሚታየው በትናንሽ ነገር ነው፤ ፈቃድ ማን ያገኛል፣ ሹመት በማን ትውውቅ ይመጣል፣ የቆሰለው ማን ቀድሞ ይታከማል። ስለዚህ አዛዥ ከወታደሩ ድስት ይብላ፣ ያውም ጉብኝት ተብሎ ቀድሞ ሳይነገር። ወታደሩ ከቅርብ አለቃው አልፎ አቤት የሚልበት፣ ብሎም የማይቀጣበት መንገድ ይኑር። ሹመትና ቅጣት ምክንያታቸው ተጽፎ ይነበብ። ይህ ሁሉ ከአንድ ታንክ ዋጋ አይበልጥም።

“ወታደር ሁሉን ይችላል” የምትሉ ወዳጆቼ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይችላል። የነገሌዎቹም ችለው ነበር፤ ያልቻሉት ሁለተኛው ጉድጓድ እያለ መከልከልን ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በሰፈሩ የኖራችሁ፣ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።