ሁለት ሕመም፣ አንድ ሰው

በአገራችን አንድ ሰው አንዴ «እብድ» የሚል ስም ከወጣለት በኋላ ሌላ ሕመም እንዲኖረው የሚፈቀድለት አይመስልም። ቢያስለው፣ ቢያተኩሰው፣ ሆዱን ይዞ ቢጮኽ፣ ሁሉም በእብደቱ ይሳበባል። አእምሮው የታወከበት ሰው ሥጋም እንዳለው የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የዚህ ዝንጋታ ዋጋ ተለክቶ ታውቋል። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያደረባቸውን ሰዎች 10 ዓመት ተከታትሎ በ2007 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃ ጥናት፣ ሕሙማኑ ከሌላው ሰው 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከሟቾቹም ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነበር።

እኔ ይህን የማስበው ከቆቦ ሜዳ ሆኜ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማችን የሰላማዊ ሰዎች ደም ከፈሰሰ ወዲህ በየቤቱ የማይታይ ቁስል አለ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ሌሊቱን ሲባንኑ ያድሩና እንቅልፍ ፍለጋ አረቄ ይቀምሳሉ፤ አረቄው ደግሞ ሲነጋ ጭንቀቱን አብዝቶ ይመልስላቸዋል። እርዳታ ፍለጋ ቢሄዱ፣ በአንዱ በር «መጀመሪያ መጠጡን ይተዉ» ተባሉ፤ በሌላው በር «ይህ የአእምሮ ጉዳይ ነው፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ» ተባሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ አባቶች። እኛ ግን ለብርቱው የማይቻለውን ከደከመው ሰው እንጠብቃለን።

ቀድሞ ችግሩ የሐኪም እጦት ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የአእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊስትነት ሠልጥነዋል፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂም የአእምሮ ሕክምና ከመደበኛው የጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ አልሟል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ይህ ሐሳብ ከወረቀት ወርዶ በጤና ጣቢያው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ነው። ባለሙያው እንቅልፍ ያጣውን ስለ መጠጡ፣ ጠጪውን ስለ ሐዘኑ፣ «እብድ» የተባለውንም ስለ ሳሉ ይጠይቅ። ጸበል የሚጠመቀውም ክኒኑን ሳይተው ይጠመቅ። ወደ ሌላ ሐኪም መላክ ግድ ሲሆንም፣ ላኪው የታማሚውን መድረስና መመለስ ይከታተል።

ይህ ለራያ ሰው እንግዳ ጥበብ አይደለም። ገበሬያችን በክረምት ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ሲመራ፣ ይህ ውሃ ከየትኛው ተራራ መጣ ብሎ አይመልሰውም። በአንድ እናት ቦይ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ለየማሳው ያከፋፍለዋል። ሕመምም ከየአቅጣጫው ተደራርቦ የወረደበት ሰው እንዲሁ በአንድ በር ገብቶ፣ ታሪኩን አንድ ጊዜ ተናግሮ፣ ሁለቱም ሕመሙ ተመዝግቦለት ቢወጣ፣ የጎረቤቴ መንገድ በግማሽ ያጥር ነበር።