የጅቡቲ ወደብና የቻይና ሸክላ፤ ጥንታዊውን ከአዲሱ ስለ መለየት

በአማርኛ ቡና የሚጠጣበትን ትንሽ ጽዋ ሲኒ እንለዋለን። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜውም «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦች ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የሚመጣውን ነጭና ጠንካራ ሸክላ በአገሩ ስም ስለ ጠሩት፣ እኛም ዕቃውን ከነስሙ ተቀበልን። ስለዚህ ሲኒውን ከረከቦት ላይ የሚያነሣ ሰው ሁሉ ሳያስበው የአንድ ረጅም የባሕር መንገድ ስም ይጠራል። ያ መንገድ በዛሬው ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ይልቁንም በጅቡቲ በኩል ስለ ሆነ፣ ስለ ከተማይቱና ስለ ሸክላው በአንድነት ጥቂት መናገር የተገባ ነው።

ጅቡቲ በዕድሜዋ ከብዙዎቹ የአካባቢው የወደብ ከተሞች ታናሽ ናት። የተቈረቈረችው በ1888 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ. ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን። አሮጌው የከተማ ክፍል የቆመበት ምድር ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ነው። በኖራ የነጡት የጥንት ቤቶች ደጃቸው በቅስት የተሸፈነ ስለ ሆነ እግረኛው ከፀሐይ ተጠልሎ ይሄዳል። የቀድሞው የምኒልክ አደባባይ፣ አገሪቱ ነጻነቷን ባገኘችበት ቀን ስም፣ የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ ተብሏል። ከዚያ አልፎ በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ይታያል፤ በዙሪያውም ገበያው ይዘረጋል። በቀትር ሙቀቱ ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱም ጭር ይላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ከተማይቱ እንደገና ትነቃለች።

ከተማይቱን ያሳደጋት የምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከመቶ ዓመት በኋላ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ተተካ፤ በኢትዮጵያ በኩል በ2016፣ በጅቡቲ በኩል በ2017 ተመርቋል። በአዲስ አበባ ገበያ ከምናያቸው ሲኒዎች ብዙዎቹ በቻይና ተሠርተው፣ የኢትዮጵያ ጥለትና ሥዕል ታትሞባቸው የሚመጡ ናቸው። እነዚህ ለዕለት አገልግሎት የተሠሩ አዲስ ዕቃዎች ስለ ሆኑ ማንንም አያታልሉም።

ነገር ግን የቻይና ሸክላ ወደዚህ የባሕር ዳርቻ መምጣት የጀመረው ጅቡቲ ከመቈርቈሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ከከተማይቱ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቀጥታ ቢለካ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ዘይላ ትገኛለች። ባቡሩ ንግዱን ወደ ጅቡቲ እስኪስበው ድረስ ከሐረር የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ይደርስ የነበረው ወደ እርሷ ነበር። በዘይላና በአጠገቧ ባሉት የሰዓደዲን ደሴቶች የቻይና ሸክላ ገሎች ተገኝተዋል። ከርል የተባለ የብሪታንያ ባለሥልጣንም በዚያው አገር የፈረሱትን ጥንታዊ ከተሞች ተመልክቶ በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ስባሪዎች ገልጿል። በእኛም አገር በድሬ ዳዋ አጠገብ በምትገኘው በሐርላ፣ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከ2015 ጀምሮ በመሩት ቁፋሮ፣ ከ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ፍርስራሽ ሌላ የብርጭቆ ዶቃ፣ ዛጎልና የቻይና ሸክላ ስባሪ ተገኝቷል። እንግዲህ ባሕሩ ከደጋው ጋራ ይነጋገር እንደ ነበረ ገሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ይህን የሰማ መንገደኛ በአንድ የወደብ ከተማ «ጥንታዊ የቻይና ሳህን ነው» የተባለ ዕቃ ቢቀርብለት ልቡ ቶሎ ሊያምን ይችላል። ታሪኩ እውነት መሆኑ ግን ዕቃውን እውነተኛ አያደርገውም። ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በዓይኑና በእጁ ሊመረምር ይገባዋል።

ሳህኑን ገልብጦ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው ከሥሩ የተጻፈውን የቻይና ፊደል ነው። ይህ ጽሕፈት የንጉሠ ነገሥቱን የዘመን ስም የሚያመለክት ቢሆንም ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ከ1662 እስከ 1722 በነገሠው በካንግሺ ዘመን የነበሩ ሠራተኞች፣ የቀድሞዎቹን ሥራ ለማክበር ሲሉ፣ ከ1465 እስከ 1487 የነገሠውን የቼንግኋን ስም በዕቃቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ዛሬም በታወቀችው የሸክላ ከተማ በጂንግደዠን የጥንቱን ሥራ የሚቀዱ ብልሃተኞች አሉ። በጥንታዊ አምሳል መሥራት በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ ነው። በላቲን ፊደል «ቻይና» የሚል ጽሕፈት ያለበት ዕቃ ግን ጥንታዊ ነው ቢባል አይታመንም፤ የተሠራበትን አገር ስም መጻፍ የተለመደው የአሜሪካ መንግሥት ወደ አገሩ በሚገባው ዕቃ ሁሉ ላይ እንዲጻፍ በሕግ ካዘዘበት ከ1891 ወዲህ ነውና።

ከጽሕፈቱ ይልቅ የሚናገረው የመቀመጫው ቀለበት ነው። ሳህኑ በእቶን ውስጥ የሚቆመው በዚህ ቀለበት ላይ ስለ ሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያብረቀርቀው ልባስ ከዚያ ላይ ተጠርጎ ጭቃው ራቁቱን ይቀራል። በብዙ ዘመን አገልግሎት ቀለበቱ ይለሰልሳል፤ በእጅ የተላገበት መሥመርና አንዳንድ የአሸዋ ቅንጣትም ይታይበታል። በአዲሱ ሥራ ላይ ግን ጭቃው እንደ ጠመኔ የነጣና ሻካራ ነው፤ ወይም አሮጌ እንዲመስል ሆን ተብሎ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም ይቀባል። በውኃ በራሰ ጥጥ ሲጠርጉት ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ፣ ዕድሜው የተቀባ እንጂ የኖረ አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት ጭረቱ ነው። የኖረ ሳህን ጭረቱ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚሄድ፣ አንዱ ጥልቅ ሌላው ስስ ሆኖ፣ ይልቁንም እጅና ማንኪያ በሚነካው ስፍራ የሚበዛ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገው ግን ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋል።

ሦስተኛው ሥዕሉ ነው። በሰማያዊና በነጭ በተሠራው ሸክላ ሰማያዊው ቀለም የሚገኘው ኮባልት ከሚባለው ማዕድን ነው። ሠዓሊው በብሩሽ ሲሥል ቀለሙ በአንዱ ስፍራ ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተሠሩት ላይ ጥቁር ነጥቦች ወደ ልባሱ ሰጥመው ይታያሉ። በማኅተም የታተመውን ሥዕል በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱት ግን ጥቃቅንና እኩል ነጥቦች፣ ወይም ሥዕሉ ዞሮ የተጋጠመበት ስፌት መሳይ መሥመር ይገኝበታል። አዲስ ሠዓሊም በብሩሽ ሊሥል ስለሚችል የብሩሽ ምልክት መገኘቱ ብቻውን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም።

ብዙ ሰው ዕቃውን በጣቱ መትቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ወደ ብርሃንም አንሥቶ ያሳልፍ እንደ ሆነ ያያል። እነዚህ ፈተናዎች የሚጠቅሙት ለሌላ ነገር ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ሸክላው ጠንካራና ያልተሰነጠቀ መሆኑን፣ ብርሃን ማሳለፉም ስስና በሚገባ የተተኰሰ መሆኑን ይናገራል እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ዛሬ የወጣ ሲኒም እንደ ደወል ይጮኻል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጸናው ማስረጃ ዕቃው የተገኘበት ስፍራና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ ነው። በሐርላ አፈር ውስጥ ከዶቃውና ከመስጊዱ ፍርስራሽ ጋራ የተገኘ አንድ ትንሽ ገል፣ ከየት እንደ መጣ ከማይታወቅ ሙሉ ሳህን ይልቅ ለሊቃውንት ብዙ ይነግራል። ገሉ በየትኛው የአፈር ንብር እንደ ነበረ፣ ከምን ጋራ እንደ ተቀበረ ስለሚታወቅ ስለ አንድ ከተማ ዘመን፣ ንግድና ኑሮ ይመሰክራል። ያንኑ ገል አንድ መንገደኛ ለመታሰቢያ ብሎ በኪሱ ቢያነሣው፣ በቤቱ መስኮት ላይ የሚቀመጥ የተሰበረ ሳህን ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በተነሣበትም ስፍራ የታሪክ ገጽ ይቀደዳል፤ ተመልሶም አይጠገንም።

ስለዚህም የኢትዮጵያ መንግሥት በ1992 ዓ. ም. ባወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ፣ በድንገት ቅርስ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስታውቅ ደነገገ። በየወረዳው የሚሠሩ ሹማምንት ገበሬው በእርሻው ውስጥ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ገል አግኝቶ ቢያመጣ እንደ ከንቱ ነገር ሊንቁት አይገባም። ስፍራውን መመዝገብ፣ እንዳይቈፈርም ማስጠንቀቅ ታላቅ አገልግሎት ነው።

ወደ ጅቡቲ የሚሄድ አንባቢ እንግዲህ ሁለት ነገር ይያዝ። ለገበታው የሚሆን ሸክላ ቢሻ አዲሱን አዲስ ብሎ በአዲስ ዋጋ ይግዛ፤ መልካም ዕቃ ነው፣ ቡናም ያጣፍጣል። ጥንታዊውን ለማየት ቢሻ ግን ወደ ቤተ መዘክርና ወደ ሊቃውንት ጥናት ይሂድ፤ በመንገዱ ላይ ገል ቢያገኝም ባለበት ይተወው።