እግር ረግጦ መኪና እንቢ ያለችበት ሌሊት

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም፤ ስለ መኪና ነው የማወራው። «መኪና የለኝ፣ ምን አገባኝ!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ። ታክሲ ትሳፈሩ የለ? እንግዲያው ያገባችኋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የነዷት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችን። በሰፈር ስሟ «አሮጊቷ» ነው። ቤንዚን መስጫዋ ሲረገጥ አንድ ካቦ ይሳባል፣ ካቦው የካርቡሬተሩን በር ይከፍታል፣ አለቀ! ካቦው ቢበጠስ አባቴ በሲባጎ አስረው ቤት ይገባሉ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን ሰለቸን። እሱ ያጠራቀመውን፣ እኔ ዕቁብ የደረሰኝን ጨመርንና አሮጊቷን ሸጠን ያገለገለች ግን ዘመናዊ መኪና ገዛን። አባቴ ኮፈኑን ከፈቱ፤ አዩ፣ አዩ፣ አዩና…

«ካቦው የታለ?»

«ካቦ የለውም አባባ። ፈረንጆቹ ድራይቭ ባይ ዋየር ይሉታል፤ በሽቦ ነው» አለ ወንድሜ።

«የእኔስ በሽቦ አልነበር እንዴ!» ብለው ሳቁብን።

ሽቦውና ሽቦው ግን ለየቅል ነው። በአሮጊቷ እግርህ ራሱ ነው በሩን የሚከፍተው። በአዲሷ እግርህ የሚያደርገው «ትንሽ ልፍጠን» ብሎ ማመልከቻ ማስገባት ብቻ ነው። ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ አስቦ፣ አመዛዝኖ ትንሿን ሞተር ያዛል፤ ሞተሯ በሩን ትከፍታለች። ኮምፒውተሩ ካልፈቀደስ? እሱ ነው ጣጣው!

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እናቴን አስሟ ተነሣባት። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት፣ ዝናቡ የጉድ ነው። ወንድሜ ይነዳል፣ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እናቴን ደግፌ ይዣለሁ። ጎተራ ማሳለጫን እንዳለፍን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ቦግ አለ። ወንድሜ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠው። ምንም! መኪናዋ እንደ ጋሪ ታዘግማለች።

«ካቦው ነው! አቁም!» አሉ አባቴ፤ ከዚያ ራሳቸው አስታወሱና ዝም አሉ። ቢሆንም ወርደው በሞባይል መብራት ኮፈኑ ውስጥ ፈለጉ። ብስብስ ብለው ተመለሱና «የሚታሰር ነገር የለውም» አሉ። አባቴን እንደዚያ እጃቸው ባዶ ሆኖ አይቻቸው አላውቅም። አራቱንም ፍሬቻ አብርተን እየተንፏቀቅን ሐኪም ቤት ደረስን። እናቴ ኦክስጅን ተደረገላትና ነፍሷ መለስ አለ። ተመስገን!

በማግሥቱ ልክ እንደነጋ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ መሣሪያውን ሰክቶ አነበበና «ጋሼ፣ ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰር አለ። የሁለቱ ቃል ካልተስማማ ኮምፒውተሩ አንዱንም አያምንም፤ ቀስ ብለህ ቤትህ ግባ ይላል» አላቸው። ለካ እኔው ነኝ! ከሁለት ቀን በፊት መኪናዋን ሳሳጥብ «ወለሉንም በጎማው ልቀቁበት» ብዬ ነበር። ውኃው የፔዳሉ ሶኬት ውስጥ ገብቷል። አፈርኩ፤ አፍሬም «እንሽጣት!» ብዬ ተነሣሁ።

ልሽጥ ያለ ሰው ምክንያት አያጣም፤ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ቶዮታ በ2009 እና በ2010 «መኪናዬ ሳላዛት ሮጠች» የሚል ስሞታ በዝቶበት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠራ። የአሜሪካ መንግሥት ናሳን ሳይቀር ጠርቶ አስመረመረ። በ2011 የወጣው ውጤት «የኤሌክትሮኒክስ ጥፋት አላገኘንም፤ ጥፋቱ የሚነክስ ፔዳልና ፔዳሉን የሚይዝ የወለል ምንጣፍ ነው» አለ። በ2013 ደግሞ በኦክላሆማ በአንድ አደጋ ክስ የሕዝብ ዳኞች ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ላይ አደረጉት! በ2014 ኩባንያው ደንበኞቹን በማሳሳቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመንግሥት ከፈለ። መርሴዲስም በ2001 ፍሬኑን ጭምር በኤሌክትሪክ አድርጎ ነበር፤ በ2004 እና በ2005 በገፍ ለጥገና ጠርቶ በኋላ ተወው።

በሌላ በኩል ግን ይኸው ነገር የመጣው ከሰማይ ነው። ናሳ በ1972 ከመሪው እስከ ክንፉ የሚሄደውን ብረት አውጥቶ ጄት በኮምፒውተር አበረረ። ኤርባስ ኤ320 ከ1988 ጀምሮ መንገደኛ ይዞ በዚሁ ዘዴ ይበራል። በመኪናም ቢሆን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ አንተ ብትረግጥም ነዳጁን ይቀንሳል። ሚኒሞውን ራሱ ያስተካክላል። ፍሬንና ቤንዚን አብረው ሲረገጡ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ፍሬኑን ነው የሚሰሙት። ጉዳቱም አለ፦ በሲባጎ አይታሰርም፣ መርማሪ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ዕቃው ውድ ነው፣ እግርህና ሞተሩ መሃል አማላጅ አለ።

ይህን ሁሉ እራት ላይ ዘርዝሬ «ስለዚህ ትሸጥ» ስል አባቴ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

«አትሸጥም» አሉ። «አንድ ጊዜ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ የአሮጊቷ ካቦ ዝጎ ተጣበቀ። እግሬን ባነሣ ሞተሩ ይጮኻል። ቁልፉን አጥፍቼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ በጠርዙ ድንጋይ እያሻሸሁ አቆምኳት። ሁለታችሁም ከኋላ ነበራችሁ።»

እናቴ ደነገጠች። እሷም አልሰማችም ነበር! እኔ ግን ያንን ቀን አስታወስኩት። አባባ ሽቅድምድም የያዙ መስሎኝ «ጨምር! ጨምር!» እያልኩ ስስቅ ነበር…

«ያቺ ስትበላሽ ሮጠች። ይቺ ስትበላሽ ዘገመች። እኔ የምትዘግመውን እመርጣለሁ» አሉና ጉርሻቸውን አነሡ።

መኪናዋ አልተሸጠችም። እንግዲህ ምክሬ ይኸው፦

ወለሉን በውኃ ጎማ አታሳጥቡ፤ በጨርቅ ይጠረግ። ፔዳሉ ሥር ምንጣፍ በምንጣፍ አትደራርቡ። ቢጫው መብራት ሲበራ «ይጠፋል» ብላችሁ አትለፉት። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በመሣሪያ አስነብቡ። መሣሪያ የሌለው ሰው ገመዱን በጥርሱ ሊልጥ ሲል «ተው!» በሉት። እግዜር አያድርገውና መኪናው ሩጫ ከያዘ ፍሬኑን አንዴ አጥብቃችሁ ርገጡ፤ ረገጥ ለቀቅ አታድርጉ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉና ዳር ያዙ።

ሽሽቱም አያዋጣም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በምትካቸው በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ የቤንዚን ካቦ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። በአብዛኞቹ መኪኖች መሪውና ፍሬኑ ዛሬም በብረትና በዘይት ከጎማው ጋር የተያያዙ ናቸው። ሆኖም በ2023 ለገዢ መድረስ በጀመረው በቴስላ ሳይበርትራክ መሪውና ጎማው በብረት አይገናኙም። ስለዚህ መላመዱ ይሻላል።

አባቴስ? ከመኪናው ጋር የሚሰካ ትንሽ መርማሪ ገዝተው በዳሽቦርዱ ኪስ አስቀምጠዋል። ሲባጎውም አልተጣለም፤ አጠገቡ ነው።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!