ቤታችሁ የሚያምረው ለማን ነው?

እኔ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ሶፋው ላይ አያርፍም። በእጅ የተሠራ ነገር ነው የምፈልገው። "ኋላ ቀር!" የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ!

በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ጣል ተደርጎ ሳይ ደስ ይለኛል። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ፣ አለላው ያማረ ሞሰብ ካየሁማ በቃ! ደጅ ላይም ቢሆን ከተገዛው ማስቀመጫ ይልቅ በዱቄት ወተት ጣሳ የበቀለ ጤና አዳም ይበልጥብኛል። ብቻ ጣሳውን ታችኛውን በምስማር ብሱት፤ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። ለቡናችሁ ቅጠል ፍለጋ ጎረቤት ከማንኳኳትም ትድናላችሁ። ምግብ ከተባለ ደግሞ ሽንኩርቱ ሳይቸኮል የተቁላላ ሽሮ ይቅረብልኝ። እንግዳ መጣ ተብሎ ከሆቴል የመጣ ጥብስ አያጓጓኝም።

"ታዲያ ይሄ ምን ቁም ነገር አለው?" ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! አንዲት ጓደኛዬ እናቷ የሰፉላትን ሞሰብ ይዛ ትዳር ገባች። ባሏ "እንግዳ ይስቅብናል" ብሎ ጓዳ ከተተው። ይኸው ተኳረፉ። ጠቡ የሞሰብ ይመስላል... አይደለም! እሷ የተደበቀባት የእናቷ ድካም ነው። እሱም ክፉ ሆኖ ሳይሆን ድሃ እንዳይባል ፈርቶ ነው።

እናም ባለትዳሮች፣ ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት "ይሄን ማን ሠራው?" ተባባሉ። አንዱ ጥግ የእሱ፣ አንዱ ጥግ የእሷ ይሁን። እንግዳው እንደሆነ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ እዚያ ቤት የምታድሩት እናንተ ናችሁ።