የኮምፒውተሬ ቢምቢ

ኬሚሴ ያደገ ሰው የቢምቢን ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር አያምታታም። የቦርከና ሜዳ ልጆች ነንና ጆሯችን ለእሷ ንቁ ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት ማዳመጫዬን ደፍቼ የእናቴን መንዙማ ስሰማ፣ ከድምፅዋ ኋላ ቀጭን ጩኸት ቢመጣብኝ እጄን አንሥቼ አየሩን መታሁ። ቢምቢ አልነበረችም። ጩኸቱ ከኮምፒውተሩ ነበር።

መንዙማውን አባቴ ነው የቀዳው፤ በቤታችን በተደረገ አንድ ወዳጃ ላይ፣ በቴፕ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚመለሰው አዝማች፣ ሁሉም አለበት። በ2009 ዓ.ም. ካሴቱን አንድ ሱቅ ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥሁት። ባለሱቁ ቦታ እንዳይፈጅ ብሎ አሳንሶ እንደ ሰጠኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ብነቃም ኖሮ አልጨነቅም ነበር፤ ዋናው ካሴት ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኬሚሴ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ቁም ሳጥኑ ባዶ ነበር። እናቴ ከዚያ በፊት ዐርፋለች። የቀረኝ ፍላሹ ብቻ ነው።

ቁጥር እንጀራዬ ነውና ነገሩን ከቁጥሩ ጀመርሁ። ኮምፒውተር ድምፅ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በሲዲ ልክ የተቀዳ ድምፅ በያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ያንዳንዱም ልኬት ከ65,536 እርከኖች በአንዱ ላይ ይመዘገባል። ይህን የቁጥር ጎርፍ መልሶ ጆሮ ወደሚገባው ሞገድ የሚለውጥ ዕቃ አለ፤ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ መቀየሪያ፣ ባጭሩ ዳክ ይሉታል። በየኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንድ አለ። ችግሩ ጎረቤቱ ነው። ከፕሮሰሰሩና ከኃይል ማከፋፈያው አጠገብ ስለሚቀመጥ የእነርሱን የኤሌክትሪክ ሁካታ ሊቀዳ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መዝሙሩንም ሆነ መንዙማውን አቁሞ ዝም ብሎ ማዳመጥ። እኔ ሳቆም የካሴቱ የ"ሽሽ" ድምፅ አብሮ ቆመ፤ ቢምቢዋ ግን ቀረች። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ደግሞ ዜማዋን ለወጠች። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ በባትሪ ሲሠራ ቀነስ አለች። (መብራት መጥፋቱን ያመሰገንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።)

ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጥ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ ዳክ ፍለጋ ገባሁ። ሻጮች 32 ቢት፣ 384 ኪሎኸርዝ እያሉ ይፎክራሉ። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው፤ ያም በልጅነት። የእኔ ቅጂ ደግሞ የሰከንዱ ድርሻ 64 ኪሎቢት ብቻ ነው፤ የሲዲው 1,411 ኪሎቢት ነው። ከሃያ ሁለት እጅ አንዱ ለቀረው ድምፅ ያን ሁሉ ኪሎኸርዝ መግዛት ለአንድ ስኒ ቡና በርሜል ማቅረብ ሆነብኝ።

ሁለት ዕቃዎች ለመጨረሻው ውድድር ቀረቡ። አንዱ የአፕል የማዳመጫ አስማሚ ነው፤ ከጣት የማይረዝም ሽቦ፣ 9 ዶላር፣ ውስጡ ግን ጥርት ያለ ዳክ ያለበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ከ520 ብር አያልፍም ነበር፤ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ያን ሰሞን ከመስኮቴ ወዲያ የቆሙ ደንበኞች ሁሉ ተመን ሲጠይቁኝ እኔ በልቤ ይህችኑ ሽቦ አሰላ ነበር። ሁለተኛው የቤሪንገር ዩሲኤ202 ነው። 16 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ያረጀ ነው፤ ዋጋውም ከሽቦዋ ይበልጣል። ነገር ግን ሁለት አፍ አለው፤ ቁጥርን ወደ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከቴፕ የመጣን ድምፅም ወደ ቁጥር ይለውጣል። የምገለብጠው ካሴት ሳይኖረኝ ስለ ምን ይህ አማረኝ? ምክንያቱን ለራሴም በቅጡ ሳልነግረው፣ ከጅዳ የሚመለስ የአጎቴ ልጅ እንዲያመጣልኝ ለመንሁት።

የሰካሁት ዕለት ቢምቢዋ ጠፋች። ቅጂው ግን አልታደሰም። እንዲያውም ጉድለቱ ጎላ፤ ጭብጨባው ውኃ ውስጥ እንደሚጨበጨብ ይንቦጫረቃል፤ ይህ በማሳነስ የተጣለው ነገር ጠባሳ ነው፤ የትኛውም ዳክ አይመልሰውም። ተናድጄ ልዘጋው ስል ግን አንድ ነገር ሰማሁ። እናቴ አዝማቹን ከመጀመሯ በፊት አየር ትስባለች። አጭር ናት፣ ግማሽ ሰከንድ ብትሆን ነው። በቢምቢዋ ተሸፍና ኖራለች። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማኋት፤ በአራተኛው ማዳመጫውን ለእኅቴ ሰጠኋት፤ እሷም ሳትናገር ረጅም ጊዜ ያዘችው።

በማግሥቱ ባቲ ወደምትኖረው አክስቴ ደወልሁ። በዚያ ወዳጃ ላይ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረችና አባቴ የዚያን ሌሊት ካሴት ገልብጦ ሰጥቷት እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ካሴቱማ አለ ልጄ፣" አለችኝ፤ "ቴፑ ነው የተበላሸው። የሚሠራው ሰው ጠፋ።"

ከቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ በሚጠራ ከተማ ቴፕ ጠጋኝ ጠፋ ማለት ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሳጥኗን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ፤ አሁን የምፈልገው የሚዞር ቴፕ ነው።