ፊዚክስን ስለ ማጥናት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ተማሪን ይልቁን የሚያስፈራው ፊዚክስ እንደ ሆነ፥ ይህንኑ ትምህርት ለብዙ ዘመን ያስተማርሁ ስለ ሆንሁ በሚገባ ዐውቃለሁ። ፍርሃቱን የማውቀው በተማሪዎቼ ፊት ላይ አይቼ ብቻ አይደለም፤ እኔም ራሴ ቀድሞ ቀምሼዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

በ1986 ዓ.ም. የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አባቴ ከገጠር ወደ ከተማ ሲልኩኝ የቤት ኪራዬን የከፈሉት የሚቀመጡባትን በቅሎ ሸጠው ነው። እኔም ይህን ስለማውቅ ሌሊቱን በኩራዝ ብርሃን ሳነብ አድር ነበር። አጠናኔም እንዲህ ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ቀመሮች ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ለቅሜ ጽፌ፥ ልክ እንደ ዳዊት በቃሌ እደግማቸዋለሁ። አርባ ያህሉን ከነፊደላቸው ሳልሳሳት እወጣቸው ነበር።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በደረሰ ጊዜ ግን ያገኘሁት ከመቶ 28 ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ አልተረሳኝም። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል ፍሬን ተይዞ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ቢሄድ፥ ምን ያህል ተጉዞ ይቆማል? የሚል ነው። ቀመሩን ዐውቀዋለሁ፤ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ በየሰከንዱ ለሚቀንሰው እጥፍ ማካፈል ነው። ስለዚህ 72ን በ72 አባዝቼ፥ ለ10 አካፍዬ፥ 518.4 ሜትር ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም፥ «ለመቆም ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚፈልግ አውቶሞቢል አይተህ ታውቃለህን?» ብለው ጽፈውበት አገኘሁ። ያን ጊዜ አፈርሁ እንጂ ነገሩ አልገባኝም።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ አባቴ ደብተሬን አዩ። እርሳቸው በጉብዝናቸው ወራት ቅኔ ቤት የገቡ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። አንዱን ቀመር አነበብሁላቸው። «ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ሁለተኛውንም አነበብሁ፤ አሁንም ዝም አልሁ። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፥ በቅኔ ቤት የመምህሩን ቅኔ በቃሉ የያዘ ሁሉ ቅኔ ዐዋቂ አይባልም ነበር። ቀን ለየብቻችን ዱር ገብተን ስንቆጥር እንውላለን፤ ማታ የቆጠርነውን ለመምህራችን እንነግራለን፤ እርሳቸውም ያርሙናል። አንተ ግን የያዝኸው ሁሉ የሌላ ሰው ቅኔ ነው፤ የራስህን መቼ ቆጠርህ?»

በማግሥቱ ያን የአውቶሞቢል ጥያቄ በአማርኛ አስረዳቸው ጀመር። 72 ኪሎ ሜትር 72,000 ሜትር ነው፤ አንድ ሰዓትም 3,600 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ አውቶሞቢሉ በየሰከንዱ 20 ሜትር ይሄዳል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ከቀነሰ በ4 ሰከንድ ይቆማል፤ አማካይ ፍጥነቱ 10 ስለ ሆነ የሚሄደው 40 ሜትር ነው። ስሕተቴም ኪሎ ሜትርን ከሜትር፥ ሰዓትንም ከሰከንድ ጋር መቀላቀሌ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። አባቴም፥ «ነጂው ፍጥነቱን በእኩሌታ ቢቀንስ መንገዱም በእኩሌታ ያጥራላ?» ብለው ጠየቁኝ። ቸኩዬ «አዎን» አልሁ። ብናሰላው ግን ጊዜው 2 ሰከንድ፥ አማካይ ፍጥነቱ 5፥ መንገዱም 10 ሜትር ሆነ፤ ይኸውም ሩብ ብቻ ነው። ጊዜውም አማካይ ፍጥነቱም ሁለቱም በእኩሌታ ስለሚቀንሱ ነው። በቀመሩ ውስጥ ፍጥነቱ በራሱ የሚባዛበትን ምክንያት ያን ቀን ዐወቅሁ፤ ከዚያ ወዲህም ያን ቀመር በቃሌ ለመያዝ ደክሜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የያዝሁትን የአጠናን ሥርዓት ለተማሪዎች ይጠቅም እንደ ሆነ በአጭሩ እነግራለሁ።

መጀመሪያ፥ አንድ ምዕራፍ ካነበብሁ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ የገባኝን በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ለሌላ ሰው እናገራለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ቃሉን የያዘ ተማሪ ነገሩን የያዘ ይመስለዋል። በራሱ ቋንቋ ሲናገር ግን ያልገባው ቦታ ይጋለጣል። ለፈተናው በእንግሊዝኛ መጻፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛ፥ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ቀመር ከመፈለጌ በፊት ሥዕሉን እሥላለሁ፤ የተሰጠውንና የተፈለገውን ከነመለኪያው እጽፋለሁ፤ መልሱ በግምት ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሜ እናገራለሁ። ከሠራሁም በኋላ መለኪያውን እመረምራለሁ፤ የመምህሬንም ጥያቄ ለራሴ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፥ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሠሩትን ጥያቄ ማታ ደብተሬን ሳልገልጥ እንደ ገና እሠራዋለሁ፤ ከሳምንት በኋላም እደግመዋለሁ። ሲሠራ ያዩት ነገር የሚሠሩት ይመስላል፤ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ግን ልዩነቱ ይታወቃል። የተሳሳትሁትንም ከነምክንያቱ ለብቻ በተዘጋጀ ደብተር እጽፋለሁ። የቀመሩን ደብተር ጥዬ በዚህ የስሕተት ደብተር ለፈተና ተዘጋጀሁ።

አራተኛ፥ የሚቻለውን ሁሉ በእጄ እፈትናለሁ። በአንድ ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አስሮ ከአግዳሚ እንጨት አንጠልጥሎ በቀስታ ያወዛወዘ ሰው፥ ሃያ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 40 ሰከንድ ያህል እንደሚፈጅበት ያያል። ድንጋዩን በከባድ ቢለውጠው ጊዜው ያው ነው፤ ክሩን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ቢያሳጥረው ግን ወደ 20 ሰከንድ ይወርዳል። እኔ ከባዱ ድንጋይ ይፈጥናል ብዬ ተከራክሬ ተረትቻለሁ፤ ስለ ተረታሁም አልረሳሁትም። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

በዓመቱ መጨረሻ ከመቶ 71 አገኘሁ። ኋላም መምህር ሆንሁ። ነገር ግን አንድ የምናዘዘው አለኝ። ካስተማርኋቸው አንዱ በፈተናዬ ሁሉ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። አንድ ቀን ጥያቄውን በሌላ ቃል ለውጬ ብጠይቀው፥ እኔ በአባቴ ፊት እንደ ቆምሁት ዝም ብሎ ቆመ። የፈተና ጥያቄዎቼን መለስ ብዬ ብመለከት፥ ቁጥሩን እንኳ ሳልለውጥ በክፍል ከሠራሁት የተገለበጡ ናቸው። ያን ልጅ እንዲሸመድድ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ዕዳውን የከፈለው ግን እርሱ ነው፤ በመልቀቂያው ፈተና ወደቀ።

በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል በጠቅላላ ውጤት ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ሆኑ በተነገረ ጊዜ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። መጽሐፍና መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ መሆኑን አልክድም፤ ጥፋቱን ሁሉ በአጠናን ላይ መጫንም ፍርድ ማጓደል ነው። ነገር ግን መጽሐፍና መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ፥ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

አባቴ በቅሎ መልሰው ሳይገዙ ዐረፉ። እኔም ዛሬ ክፍል በገባሁ ቁጥር አንዱን ተማሪ አስነሥቼ፥ ደብተሩን አስዘግቼ፥ ያን የእርሳቸውን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ እስኪመልስም እጠብቀዋለሁ።